ቁርጥ የተበላባት ባንዲራ

አዲስ ከተማ፣ አብነት
ሰኔ 12 ቀን 1950 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ አሸብር፣

"ውድ" ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው። ሌላ ቃል ፈልጌ ነበር፤ ያገኘሁት ሁሉ ወረቀት ላይ የማይጻፍ ስድብ ሆነብኝ። ጤንነትህንም አልጠይቅም። ሾፌሩ ደመቀ ድሬዳዋ ወፍረህ፣ አዲስ ኮት ለብሰህ እንዳገኘህ ነግሮኛል። መልእክትህንም አንዲት ቃል ሳያስቀር አድርሶልኛል። መልሱን በእሱ አፍ ልኬ ሰውየውን ከማሳቅቀው በጽሑፍ ይሁን ብዬ ተቀመጥኩ።

መልእክትህ ይህ ነበር፦ "እትዬ ውባንቺ ባንዲራዋን አጥባ፣ ተኩሳ፣ የአባባ ሣጥን ውስጥ ከልብሱ ሥር ትክተታት። ከዚያ የእድሩን ሽማግሌዎች ጠርታ ‘የሟችን ዕቃ ስናገላብጥ ተገኘች’ ትበላቸው። ነገሩ በዚያው ይበርዳል።" ደመቀ ይህን ሲነግረኝ የሰጠሁትን ሻይ ፉት እያለ ነበር፤ ምን እንደተሸከመ አላወቀም።  እኔ ግን ይቅርታ ብዬው ጓሮ ወጣሁና ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

አባትህን ሌባ አድርጌ እንዳወጣልህ ነው የላክብኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል እሰማ ነበር፤ በሞተ አባት ላይ ሲላከክ ግን ያየሁት ካንተ ነው።

ስለዚያች ጨርቅ የምታውቀውን ሁሉ ድሬዳዋ ስትገባ አራግፈኸው ከሆነ ላስታውስህ። አባባ ሀብተ ወልድ ድንኳን ሰፊ ነበር። ሰው ስለ ባንዲራ ሲያወራ ስለ ቀለሙ ያወራል፤ አባባ ግን የሚያወራው ስለ ስፌቱ ነው። በአጤ ምኒልክ ዘመን፣ እሱ ገና ወጣት ሳለ፣ ሦስቱ ቀለማት ለየብቻቸው ሲውለበለቡ አይቻለሁ ይል ነበር፤ ሦስት ረዣዥም ጨርቆች፣ አንዱ ካንዱ በላይ እንጨት ላይ ታስረው። ነፋስ ሲነሣ ይጠላለፋሉ፣ ሲተኛ ይለያያሉ። "ቀለሙን ከማርያም መቀነት ወስደውት ይሆናል፤ አንድ ላይ ያጋጠመው ግን ልብስ ሰፊ ነው" እያለ ይኩራራብን ነበር። ደግሞ ባንዲራ ፊትና ጀርባ የለውም ይላል። ጠርዙ ታጥፎ፣ ክሩ ተደብቆ፣ በየትኛውም ወገን ቢያዩት አንድ መሆን አለበት። አንተ ሱቅህ ውስጥ የምትደረድራቸውን፣ ባንድ ወገን ክራቸው የተንጨፈረረውን፣ ሲያይ "ይሄ የትራስ ልብስ ነው፣ ባንዲራ አትበለው" ይልህ ነበር። አንተም ትስቅ ነበር። እኔም አብሬህ እስቅ ነበር፤ ይህንንም አልክድም።

የእድሩ ባንዲራ የተሰፋችው በሠላሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው። ሚያዝያ ሃያ ሰባት ጃንሆይ ከተማ ገብተው ባንዲራችን ተመልሶ ሲሰቀል፣ አምስት ዓመት ሙሉ ያላየው ሕዝብ ሁሉ ደጁ ላይ ሊሰቅል ፈለገ፤ ጨርቅ ግን ከየት ይምጣ? አባባ ከአንድ መጋዘን ጣራ ላይ የወረደ የጣልያን ባንዲራ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። እኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ አንተ ደግሞ አሥራ ሦስት። ጎረቤቱ "እናቃጥለው!" ሲል አባባ መቀሱን ይዞ በሩ ላይ ተቀመጠና "ማቃጠል ለማን ያቅታል? ጠላት ያመጣውን ጨርቅ መልሶ መስፋት ነው እንጂ" አለ። አረንጓዴውን ፈታ፤ ቀዩን ፈታ። መሐል የነበረውን ነጭ አውጥቶ ቢጫ አስገባበት። ቢጫው የእናታችን የሰርግ ቀሚስ ገበር ነው። ሰጠችው፤ ቀሚሱ ገበር አልባ ሆኖ ቀረ፤ አንድም ቀን ስታማርር አልሰማኋትም። ነጩንም አልጣለውም። ጋሻ የሚመስለውን ምልክት በምላጭ ለቅሞ ላንተ እጀ ጠባብ ሰፋልህ። ዛሬ ሳስበው ከዚያ ጨርቅ ላንተ የደረሰህ እሱ መሆኑ አያስደንቀኝም።

እድሩ ሲቋቋም ባንዲራዋን ለሙታን ሰጣት። ከሰፈራችን ሰው በሞተ ቁጥር ሣጥኑን የምታለብሰው እሷ ሆነች። አርበኛውን አለበሰች፤ ውሃ ሻጯን ታንጉትን አለበሰች፤ በጣልያን ጊዜ አስተርጓሚ የነበረውንም ሰውዬ አለበሰች። ያን ጊዜ "ለእሱም?" ብለው ሲያጉረመርሙ አባባ "ሣጥን ውስጥ ከገባ በኋላ ሁሉም ያገር ሰው ነው፤ ያዙ በዚያ ጫፍ" አላቸው። ያዙ። ከቀብር ሲመለሱ በእጁ አጥቦ ፀሐይ እንዳያነጣት ጥላ ውስጥ ያሰጣታል፤ ስትደርቅ አጥፎ እድሩ ዕቃ ቤት እሣጥኗ ይመልሳታል። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ጠበቃት። አልጋ ላይ የዋለ ጊዜ "የኔን ቀን እሷን አልብሳችሁ ውሰዱኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም" አለን። ሁለታችንም እጁን ይዘን እሺ አልን። የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍም አንተ ተቀበልከው።

ከዚያ ደግሞ ሚያዝያ መጣ፤ የባንዲራው በዓል። የሲኒማ ራስ መስመር ነጋዴዎች የበዓል ኮሚቴ አቋቋሙና አንተም ገባህበት። ለትምህርት ቤቶች ባንዲራ የማቅረብ ውል እንዳለ ሰምተሃል፤ ውሉን የሚሰጠው ባለ ሜዳልያ ሰውዬ በዓሉን እናንተ ድንኳን ውስጥ እንደሚውል ደግሞ ከማንም ቀድመህ ሰምተሃል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ዝንባባና ስለ ቅስት ስታወራ አባባ በቀጭን ትንፋሽ ይሰማህ ነበር። "ጎበዝ፣ አሳምሩት" ይልህ ነበር።

በበዓሉ ዋዜማ፣ እሑድ ንጋት ላይ አረፈ። የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ። አንተ መጣህ፤ ደረትህን ደቃህ፤ ሁለት ሰው ይዞህ እንኳ አልቻለህም። ቀብሩ ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ እንዲሆን ተነጋገርን። "ባንዲራዋን ጠዋት አመጣለሁ" ብለህ ወጣህ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! በዚያች ሰዓት ባንዲራዋ የት እንደተነጠፈች ታውቅ ነበር።

ሰኞ ስምንት ሰዓት ሆነ፤ አንተ የለህም። ካህናቱ ቆመዋል፤ ሣጥኑ ደጅ ወጥቷል። የእድሩ ዳኛ ጋሼ ወርቁ ጠሩኝና "ልጄ፣ ወንድምሽ የታለ? አባትሽን ራቁቱን እናውጣው እንዴ?" አሉኝ። "አሁን ይዤ እመጣለሁ፣ ጋሼ፤ ትንሽ ይታገሡኝ" ብዬ በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ከአብነት እስከ ሲኒማ ራስ ባንዲራ ያልተሰቀለበት ደጅ አላየሁም።

ድንኳናችሁ በር ላይ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ቢጫውን ነው። የእናቴ ገበር ነውና ሺህ ቢጫ መሐል አልስተውም። በረዥሙ ጠረጴዛ ላይ ተነጥፎ፣ መሐሉ ላይ ሙሉ ሽንጥ ተጋድሞበታል። አሥር የሚሆኑ ሰዎች ቢላዋ ይዘው እየቆረጡ ይጎርሳሉ። የሥጋው ደም ቢጫው ላይ ተንጠባጥቦ ቡናማ ሆኗል። አዋዜው አረንጓዴው ላይ ፈሷል። ባለ ሜዳልያው እጁ ላይ የቀረውን ሞራ፣ ጉልበቱ ላይ በወደቀው በቀዩ ጠርዝ፣ ጣት በጣት እያደረገ ጠረገ።  ስንት ሬሣ ባለበሰች ጨርቅ ላይ ነው የምትበሉት ብዬ ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር፤ አንተ ደረስክብኝ።

"አሸብር፣ ሣጥኑ ደጅ ወጥቷል" አልኩህ።

ፈገግታህ ከፊትህ ሳይጠፋ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አልክ። "እትዬ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ። እንግዳው ንግግር ሊያደርጉ ነው።"

"አባባ እኮ ነው!"

"ቀስ በይ በማርያም! አልነገርኳቸውም። ሐዘንተኛ ነው ብለው ውሉን ለሌላ ይሰጡብኛል። ጠረጴዛው ራቁቱን ሆነብኝ፣ ምን ላድርግ? እንግዶቹ ይነሡና ይዘሻት ትሄጃለሽ። አባባ እንደሆነ የትም አይሄድ።"

አባባ የትም አይሄድ! ይህን ያልክበትን አፍ ሳስበው እስከ ዛሬ ይቀፈኛል።

ሰውየው ተነሣ። ሁሉም ተነሣ። "ይህች ሰንደቅ ዓላማችን" አለ፤ ቢላዋው በእጁ ነው፤ "አረንጓዴዋ የምድራችን ልምላሜ፣ ቢጫዋ ተስፋችን፣ ቀይዋ አባቶቻችን ያፈሰሱት ደም ናት!" ተጨበጨበ። ለቀባሪው አረዱት ይሉሃል ይህ ነው። እኔ ባንዲራ የሰፋው ሰው ልጅ፣ አባቴ ደጅ ላይ ሆኖ እየጠበቀኝ፣ የቀለሙን ትርጉም ከጎረሰ አፍ ተማርኩ።

እዚህ ላይ ደግሞ የራሴን ልንገርህ፤ አንተ ላይ ብቻ ልለጥፈው አልልም። ያን ጊዜ ጨርቁን በአንድ ጫፍ ይዤ መጎተት ነበረብኝ። ሽንጡም፣ ጠርሙሱም፣ ሰሃኑም ይውደቅ! አልጎተትኩም። እጄን አጣምሬ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ከወንበሮቹ ኋላ ቆምኩ። አሥር ደቂቃ ያልከው ግማሽ ሰዓት ሆነ። አፈርኩ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ባለ ሜዳልያ ፊት ሰሃን ሰብራ የምትወጣ ባለጌ ላለመባል ነው። ጨዋ ነኝ ብዬ አባቴን ደጅ ላይ አቆየሁት። አንተን ስጸየፍ ይህችንም ሴትዮ አብሬ እጸየፋታለሁ።

እንግዶቹ ሲነሡ ባንዲራዋን ጠቅለህ ሰጠኸኝ። ያራገፍካት መስሎኝ ነበር፤ መንገድ ላይ እጄን ሲወጋኝ ፈትቼ ባይ አጥንት ውስጧ አለ። የቢራው፣ የሞራው፣ የአዋዜው ሽታ አንድ ላይ ተነሣ። ይህንን በአባቴ ላይ እንዴት ላልብስ? ጋሼ ወርቁስ ምን ይላሉ? ሕዝቡስ? አንተን በድንጋይ እንደሚወግሩህ ታየኝ። እናቴ ስትሞት "ወንድምሽን አደራ" ያለችኝም ትዝ አለኝ። ነጠላዬ ሥር ደበቅኳትና ተመለስኩ።

"የታለች?" አሉኝ ጋሼ ወርቁ።

"አልተገኘችም፣ ጋሼ። አሸብር ሣጥኗን ከፍቶ ቢያይ የለችም።"

 ጋሼ ወርቁ የራሳቸውን ጋቢ አውልቀው ሣጥኑ ላይ ጣሉት። እንዲህ ሆነን ወደ ራጉኤል ሄድን። በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ በየሱቁ ደጅ፣ በየቅስቱ ላይ ባንዲራ ይውለበለባል። በዚያ ቀን መርካቶ ውስጥ ባንዲራ ያልደረሰው አባባ ብቻ ነበር። አንተ ራጉኤል በር ላይ ደረስክብንና ከሣጥኑ አንዱን ጫፍ ያዝክ፤ አፍህ ቢራ ቢራ ይሸት ነበር። በሦስተኛው ቀን ውልህ ተፈረመ፤ በሳምንቱ ጨርቅ ላመጣ ነው ብለህ ድሬዳዋ ገባህ።

እኔ ያቺን ውሸት ስናገር አንተን የሸፈንኩ መስሎኝ ነበር። ሰው ግን ያስባል። ባንዲራዋን አሥራ ሰባት ዓመት የያዛት ማነው? አባባ። ከሣጥኗ ጠፋች ከተባለ ማን ወሰዳት? ይህንን ያልጠረጠርኩት እኔ ሞኟ ብቻ ነኝ። ከአርባው ሦስት ቀን በፊት ጨርቅ ነጋዴው ጋሽ ባህረዲን ቤቴ መጣ። የአባባ ወዳጅ እንደነበር ታውቃለህ፤ አንዱ ክር አንዱ ጨርቅ እየተበዳደሩ ነው ያረጁት። ቁጭ በል ብለው እምቢ አለኝ።

"ውባንቺ፣ እኔ ወሬ አመላላሽ አይደለሁም" አለኝ። "ግን ሰው ‘ሙት ወቃሽ አያድርገን እንጂ ሀብተ ወልድ ባንዲራዋን ሸጧታል’ እያለ ነው። በሕመሙ ጊዜ ለመድኃኒት ብሎ ነው እያሉ ደግሞ ያዝኑለታል። እኔ ከስድቡ ይልቅ ሐዘናቸው ነው የመረረኝ። ወላሂ፣ ያ ሰውዬ የሰው መርፌ እንኳ ሳይመልስ አያድርም። አንቺ የምታውቂው ነገር አለ?"

"የለም" አልኩት። ለሁለተኛ ጊዜ ዋሸሁ ማለት ነው። ጋሽ ባህረዲን ራሱን ነቀነቀና "እሱ ዝም ቢል አፈር ስለለበሰ ነው። አንቺስ ምን ሆነሽ ነው?" ብሎኝ ወጣ።

መልእክትህ የደረሰኝ በነገታው ነው። እውነቱን ልንገርህ፦ ከጓሮ ከተመለስኩ በኋላም ሳፋ አወጣሁ። ውሃ አሞቅኩ፤ ሳሙና ያዝኩ። ሰው ያምናል፤ ‘ሸጠ’ ከሚሉት ‘በእርጅና ረስቶ ከልብሱ ጋር ከቷት ነበር’ ቢሉት ይሻላል ብዬ ራሴን አባበልኩ። ባንዲራዋን ከአልጋዬ ሥር ጎትቼ ፈታኋት። ደሙ ደርቆ እንደ ቅርፊት ተሰነጣጥቋል፤ ሞራው ሻግቶ ፀጉር አብቅሏል። አፍንጫዬን ይዤ ውሃው ላይ አንጠለጠልኳት። ይህን ካጠብኩ በኋላ ያንተን ሥራ የሚያውቅ አምላክና እኔ ብቻ እንሆናለን አልኩ። ራሴን ደግሞ አውቃለሁ፤ ዝም ማለት አይከብደኝም። ፈራሁኝ። ውሃውን ደፍቼ ባንዲራዋን እንዳለች መልሼ ጠቀለልኳት።

እሑድ ሰኔ ስምንት የእድሩ ስብሰባ ነበር። በአባባ ቦታ የተመዘገብኩ አባል ነኝና ከወንዶቹ መሐል ገብቼ ቆምኩ። መጀመሪያ አልተናገርኩም፤ ባንዲራዋን ሣሩ ላይ ዘረጋኋት። ሽታው ሲነሣ ሰዉ ጋቢውን አፍንጫው ላይ አደረገ። ዝንቡ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ጠረጴዛውን፣ ሽንጡን፣ ሰውየው ጣቱን እንዴት እንደጠረገ፣ አንተ ያልከኝን፣ እኔ ደግሞ እንዴት ቆሜ እንደጠበቅኩ።

ማንም አልጮኸም። ይጮሃሉ፣ ይሳደባሉ ብዬ ነበር። ጋሼ ወርቁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ "አርባ ቀን ሙሉ ይህንን ታውቂ ነበር?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ሰዉ አባትሽን ሲያማም?"

"አዎ።"

ውሳኔው ብዙ አልፈጀም። መጀመሪያ የአባባ ስም ተነሣ፤ ያለ ጥፋቱ መታማቱ ተጽፎ ሦስት ጊዜ ጮክ ተብሎ ተነበበ። ሰዉ ሁሉ ቆሞ "ነፍስ ይማር" አለ። ከዚያ አንተ ተሰረዝክ። ከዚያ እኔ። በደንባችን በቀብር ነገር እድሩን የዋሸ ይሰረዛል። አንዱ "ሴት ናት፣ ደንግጣ ነው፣ ይቅር እንበላት" ብሎ ተነሣልኝ። እግዜር ይስጥህ፣ ደንግጬ ግን አይደለም፤ አፍሬ ነው አልኩት። ተቀመጠ።

ባንዲራዋን የሰፈሩ ሴቶች ሦስት ውሃ አጠቧት። ሁሉም ለቀቀ፤ ቢጫው ላይ ያለው ደም ብቻ አልወጣም። ማክሰኞ ጎረቤታችን እትዬ ሙሉዬ አርፈው ያቺኑ አለበሷቸው። እኔ ከእንግዲህ ከድንኳኑ የምገባ ሰው አይደለሁምና ከመንገዱ ዳር ቆሜ አሳለፍኳቸው። ከአጠገቤ ያለፉት ሰላም አሉኝ፤ አልቆሙም።

እንግዲህ አሸብር፣ ነገሩ እንዲህ አለቀ። አንተ ብትሞት ጥሩምባ የሚነፋልህ፣ ድንኳን የሚተክልልህ የለም። እኔም እንደዚያው። ሌላ እድር እንዳልገባ የሚከለክለኝ የለም፤ ግን ‘ከየት ተሰርዘሽ መጣሽ?’ ሲሉኝ አልዋሽም፣ ካልዋሸሁ ደግሞ ማንም አይቀበለኝም። በዚህ ዓለም ላይ እኔን የመቅበር ግዴታ ያለበት ሰው አንተ ብቻ ቀረህልኝ፤ አንተም ካለ እኔ የለህም። ስምህን ስሰማ ያንገሸግሸኛል፤ ቀድመህ ከሞትክ ግን ድሬዳዋም ቢሆን መጥቼ እቀብርሃለሁ። ይህንን ቃል ሰጥቼሃለሁ። ቀድሜህ ከሞትኩ ተራው ያንተ ነው። ሣጥን ግን አንድ ሰው አይሸከመውም። ውልህን ተውና ሦስት ሰው ፈልግ።

እህትህ፣
ውባንቺ ሀብተ ወልድ